ከዘጠኙ ደረጃ ሥር

«እናትዎ ሦስት ደረጃ መውጣት ይችላሉ?» አለች ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው የጉዞ አስተናጋጅ፣ ዓይኗን ኮሊን ላይ አድርጋ። በአክብሮት ነው የጠየቀችው፤ ጥያቄውን ግን ለባለቤቱ አላቀረበችም። የጥያቄው ባለቤት ፊሎሜና፣ ከልጇ ክርን ሥር፣ በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት ጎማ ስኩተሯ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯ ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል ሆኖ ሁሉንም ትሰማለች። መርከቡ ንጋት ላይ ሴንት ጆንስ ወደብ ገብቶ ታስሯል፤ ተሳፋሪው ቁርሱን እየጎረሰ ወደ አውቶቡሶቹ ይጣደፋል። ወደ መብራት ቤቱ የሚወስደው ጉዞ ዋጋው መቶ ሃያ ዘጠኝ ዶላር ሲሆን፣ በማስታወቂያው ወረቀት ጥግ ላይ ትንሽዬ የተሽከርካሪ ወንበር ምስል ታትሞበታል። አስተናጋጇ እንዳስረዳችው ግን ምስሉ የታተመው ወንበራቸውን አውቶቡሱ በር ላይ ትተው ደረጃውን በእግራቸው ለሚወጡ ሰዎች ነው። ስልሳ ኪሎ የሚመዝን ስኩተር ዕቃ መጫኛው ውስጥ አይገባም። ማንሻ የተገጠመለት የግል መኪና አለ፤ ለግማሽ ቀን ሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር ይጠይቃል፤ እሱም ቢሆን ከሁለት ቀን በፊት መያዝ ነበረበት። መርከቡ ላይ ለሚቀሩ እንግዶች ደግሞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ስለ ከተማዋ ፊልም ይታያል፤ በነፃ ነው። ኮሊን አንገቷ ቀልቶ አፏን ስትከፍት ፊሎሜና እጅጌዋን ሳብ አደረገቻት። እኔ ፊልሙን አያለሁ፣ አንቺ ሂጂ አለቻት። ውሸቱ ሳያደናቅፋት ወጣ፤ መርከቡ ከተነሳበት ከቦስተን ጀምራ ስትለማመደው ነበር የመጣችው።

ክፍላቸው ገብተው ኮሊን ጃኬቷን መፈለግ ጀመረች። ኮሊን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሃሚልተን ውስጥ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ስልክ ታነሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። ያለፈውን ክረምት ያሳለፈችው ከሥራ እየተመለሰች፣ መርከቡ በሚቆምባቸው ወደቦች ላሉ አስጎብኚዎች ሁሉ እየጻፈች ነበር፤ ስንት ደረጃ አለው፣ በሩ ስንት ሴንቲ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መዞር ይቻላል ወይ። መልሱ ሁልጊዜ «ችግር የለም» ነው። ችግር የለም የተባለበት የመጀመሪያው ወደብ ላይ ሰው ወደ ባሕሩ ዳር የሚሸጋገረው በትንሽ ጀልባ ሆኖ ተገኘና ፊሎሜና መርከቡ ላይ ቀረች። ሁለተኛው ላይ የመጣው መኪና መወጣጫ አልነበረውም፤ ሾፌሩ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሁለት ጎረምሳ ጠርተን እናነሳታለን አለ፤ እንደ ፍሪጅ ማለት ነው። ፊሎሜና ያን ቀን ስቃ ነበር፤ ኮሊን ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃ ከፍታ ስትቆይ ሰምታታለች። ካሪቢያን የሚሄደው መርከብ በስምንት መቶ ዶላር ይረክስ እንደነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። ይሄኛውን ለምን እንደመረጡት ግን አንዳቸውም አፍ አውጥተው አልተናገሩም። ከወደቡ በላይ ባለው ኮረብታ፣ የፊሎሜና እህት ሎሬታ፣ የሁለቱ እናት በሞተችበት ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ እህትማማቾቹ ከተነጋገሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ኮሊን በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ እናቷ ዞረች። አንድ ነገር ልትል ነበር፤ መለስ ብላ «ነፋስ አለ፣ ሻርፕሽን አድርጊ» ብላት ብቻ ወጣች። መርከቡ ላይ ለሚቀር ሰው ሻርፕ ምን ያደርግለታል? ፊሎሜና ይሄንን እያሰበች ሻርፑን አደረገች።

ባሕሩ ሞልቶ ስለነበር የመርከቡ መሸጋገሪያ ወደ ታች ያዘቀዝቃል። ሁለት የመርከቡ ሠራተኞች ስኩተሯን ከኋላ በቀበቶ ይዘው እያለሳለሱ አወረዷት። መሬት ስትረግጥ፣ ማለትም ጎማዋ መሬት ሲረግጥ፣ የዓሣ፣ የናፍጣና የእርጥብ ገመድ ሽታ ተቀበላት። ከአውቶቡሶቹ ወዲያ ቢጫ ሰደሪያ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ጥርሱ የሳሳ ሽማግሌ ካርታ ያድላል፤ በደረቱ ላይ «አምብሮዝ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሌሎቹን ሰዎች ካርታ ሰጥቶ ሲያሰናብት እሷ ጋ ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ የስኩተሯን ጎማ አየ፣ ባትሪዋን አየ፣ ከዚያ ፊቷን አየ።

«ወዴት ነሽ፣ የኔ ፍቅር?» አላት።

ሃሚልተን ውስጥ የማታውቀው ወንድ የኔ ፍቅር ቢላት ፖሊስ ትጠራ ነበር። እዚህ ግን ዓሣ ሻጩም፣ ቄሱም፣ ቀረጥ ሰብሳቢውም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ጆሮዋ ላይ ሲያርፍ ትከሻዋ ወረደ። ሊሚ ኮረብታ አለችው። አምብሮዝ ፉጨት አሰማ። ሚስቱ ከመሞቷ በፊት አሥራ አራት ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር እንደሄደች፣ የዚህን ከተማ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ከማዘጋጃ ቤቱ ይልቅ እሱ እንደሚያውቀው ነገራት። ካርታውን ገልብጦ በእርሳስ ሣለላት። ኮረብታውን ከታች በባትሪ መውጣት አይታሰብም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ አላት። የከተማው አውቶቡስ መወጣጫ አለው፤ ሁለት ዶላር ተኩል ነው፤ እሱ ኮረብታው ጫፍ ያደርስሽና ከላይ ወደ ታች ትመጫለሽ። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ያለው መሻገሪያ ጠርዙ ተሰብሯል፣ በግራ በኩል ዙሪ። ስትመለሺ ሁሉም ቁልቁለት ነው፤ ፍሬንሽን ብቻ ያዢ። መርከቡ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ እንደሚነሳ አስታወሳትና፣ ማን ጋ እንደምትሄድ ሳይጠይቅ ካርታውን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

አውቶቡሱ መጣና እንደ ግመል በአንድ ጎኑ ተንበረከከ። መወጣጫው ተዘረጋ፤ ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሁለት ሴቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተነስተው ወንበሩን አጥፈው ቦታ ለቀቁላት። ሾፌሯ ማን እንደሚያግዛት፣ ስንት ደረጃ እንደምትችል አልጠየቀቻትም፤ የት እንደምትወርድ ብቻ ጠየቀቻት። ፊሎሜና መስኮቱን ተጠግታ ሄደች። ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ያልፋሉ። በየመገናኛው ላይ ወደብና መርከብ ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ለሎሬታ ምን እንደምትላት ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ነበር፤ ከሃሚልተን እስከዚህ ድረስ ደጋግማ አጥንታው ነበር፤ አሁን ስትፈልገው የመጀመሪያውን ቃል እንኳ አጣችው። ቤቱ ከመንገዱ ዘጠኝ ደረጃ ከፍ ይላል። በልጅነቷ በሁለት ዝላይ ትወርደው ነበር። ልትወጣው እንደማትችል አውቃ ነው የመጣችው። እስከ ደረጃው ሥር እሄዳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሎሬታ ነው፤ ይሄንን ወስናለች።

ከላይ ወደ ታች የወረደችው ሁለት እጇ ፍሬኑ ላይ ደንዝዞ ነው። መንገዱ ገደል ነው የሚመስለው፤ ስኩተሯ ወደፊት ታዘነብላለች። አረንጓዴው የእናቷ ቤት ጋ ስትደርስ ጎማዋን ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችና ቀና አለች። ቀለሙ ተልጧል። የብረት መደገፊያው ዝጓል። ደወሉ ያለው ከላይ ነው፣ በሩ አጠገብ፤ እሷ ታች። ይህን ሁሉ አስባ ስትመጣ ደወሉን አላሰበችውም ነበር። ዙሪያዋን አየችና የስኩተሯን ጡሩምባ ነካች። ድምፁ የሕፃን መጫወቻ ነው የሚመስለው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ነካችው። የተከፈተው ግን የፊት ለፊቱ ቤት መስኮት ነው። ፀጉሯን በሻሽ የሸበበች ዊኒ የምትባል ጎረቤት አንገቷን አወጣች። ሎሬታን ከሆነ የምትፈልጊው አለች ዊኒ፣ ቤት አለች፣ የት ትሄዳለች፤ የካቲት ላይ በረዶ ጥሏት ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አንድም ቀን ወርዳ አታውቅም፤ ዳቦና ወተቷን የማወጣላት እኔ ነኝ። ከዚያ ፊሎሜናን ትኩር ብላ አየቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቆይ ልደውልላት ብላ መስኮቱን ዘጋች። ፊሎሜና የሰማችውን በልቧ ደገመችው። የካቲት። አሁን መስከረም ነው። ሃሚልተን ድረስ የነገራት ሰው የለም።

በሩ እስኪከፈት ረጅም ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ የወጣው ባለ ጎማ መደገፊያ ነው፤ ቀጥሎ ሎሬታ። ከስታለች። ፀጉሯ ጨርሶ ነጭ ሆኗል፤ የእናታቸው ሹራብ እላይዋ ላይ ሰፍቷታል። ታች ያለችውን እህቷን አየች፤ ከፊቷ ይልቅ ዓይኗ የቆየው እግሯ ላይ ነው፤ ከእግሯ ስኩተሯ ላይ። አንድ መኪና ከፊሎሜና ኋላ ቀስ ብሎ አለፈ።

«ምንድን ነው እሱ የተቀመጥሽበት?»

«እግሬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይቺኛዋ አምስት ዓመቷ ነው። ከሷ በፊት ምርኩዝ ነበር።» ፊሎሜና ድምፅዋ ደረጃውን እንዲወጣ ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ እንዲህ ያለውን ነገር መንገድ ላይ እየጮኹ መናገር ከባድ ነው። «እማዬ የተቀበረች ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ነበር፣ ሎሬታ። የነርቭ በሽታ ነው አሉኝ። ከወገቤ በታች ምንም አይሰማኝም ነበር።»

«ከሥራ ፈቃድ ከለከሉኝ ነው ያልሽኝ።»

«ብዬሻለሁ።»

«እኔ ደግሞ ለእናትሽ ሦስት ቀን ካልተረፈሽ ለእኔም አይትረፍሽ ነው ያልኩሽ።»

«ብለሽኛል።»

ሎሬታ መደገፊያዋን አዙራ ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ነፋሱ ግን ገፋ አድርጎ ሊዘጋው ትንሽ ቀረው። ፊሎሜና ጠበቀች። ዊኒ ከመስኮቷ ኋላ መጋረጃውን ግማሽ ድረስ ሳበች፤ ግማሹን ተወችው። አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አሥር ሆነ። ፊሎሜና እጇን ከብርዱ ሻርፗ ውስጥ ሸጎጠች። ስምንት ዓመት ለአንድ ሰው የሚበቃ ቅጣት ነው ብላ ነበር የመጣችው፤ ምናልባት ለሎሬታ አይበቃትም። ስንት ሌሊት ብቻዋን እናታቸውን አገላብጣለች፣ ሬሳውን ብቻዋን አስወጥታለች፣ በእነዚህ ዘጠኝ ደረጃዎች ላይ። እንግዲህ የመጣሁበትን ተናግሬያለሁ አለችና የስኩተሯን ቁልፍ ልታዞር እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ሎሬታ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች፤ ፀጉሯን አበጥራለች፤ የውጭ ጫማ አጥልቃለች፣ የአንዱን ማሰሪያ ግን ማሰር አቅቷት ትታዋለች። መደገፊያዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። የብረቱን ዘንግ በሁለት እጇ ይዛ፣ ፊቷ እየተኮማተረ፣ ቀስ ብላ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

ፊሎሜና ተይ አለቻት፣ ትወድቂያለሽ አለቻት። ሎሬታ ዝም በይ አለቻት። ከዚያ በመቀመጫዋ ወደ ታችኛው ደረጃ ወረደች። ደህናውን እግሯን ታስቀድማለች፣ የታመመውን በእጇ አንስታ ታስከትላለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ደግማ ትወርዳለች። ኮቷ የእርጥቡን ሳንቃ ቆሻሻ እየጠረገ ነው። አራተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ዊኒ ከቤቷ እየሮጠች ወጥታ መንገዱ መሃል ቆመች፤ ደፍራ ግን አልተጠጋችም። ሎሬታ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ከዚያ በታች አልወረደችም፤ እዚያ ላይ ዓይኗና የእህቷ ዓይን እኩል ሆነው ነበር። ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም።

«አሥራ አንድ ዓመት እማዬን አጥቤያለሁ፣» አለች ሎሬታ፣ ትንፋሿ ገና ሳይመለስ። «አንቺን ማጠብ ይከብዳታል ብለሽ ነው?»

ፊሎሜና አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ሌላም ብዙ ነበረ፤ ኩራት ነበረ፣ መታዘንን መፍራት ነበረ፤ ግን ሥሩ ይኸው ነው። ደክመሽ ነበር አለቻት። ሌላ በሽተኛ ልጨምርብሽ አልፈለግኩም፤ ከዚያ ሲቆይ ደግሞ ቆየ። ቁልቁለቱ ላይ ስትወርድ የፊሎሜና ቀኝ እግር ከመርገጫው ተንሸራቶ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እሷ ራሷ አላወቀችም፤ አይሰማትም። ሎሬታ ጎንበስ ብላ እግሩን በሁለት እጇ አነሳችው። እናታቸውን ለዓመታት ያገላበጠ እጅ ነው፤ ቸኩሎ አያውቅም። መርገጫው ላይ መልሳ አስቀመጠችው፣ የካልሲውን እጥፋት አስተካከለችለት፣ እጇንም ወዲያው አላነሳችም።

«እኔም ስለ ዳሌዬ አልነገርኩሽም እኮ፣» አለች ቀጥላ፣ ጫማውን እያየች።

«አልነገርሽኝም።»

«የዚያ ሕመሙን ደባቂ አባታችን ልጆች ነን።» በዚህ ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ መሃል ላይ የፊሎሜና ተበላሸና አፍንጫዋን በሻርፑ ጫፍ ጠረገች። ዊኒ ይሄን ጊዜ ፈቃድ እንዳገኘች ቆጥራ ቤቷ ገባች፤ በቆርቆሮ ወተት የነጣ ሻይ በትልልቅ ኩባያ፣ ሞላሰስ የሚሉት ጥቁር የስኳር ማር የፈሰሰበት የተጠበሰ ሊጥም በሳህን ይዛ መጣች። ደረጃው ላይ አስቀመጠችላቸውና ወደ በሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ያወሩት ሰው ቢሰማው ስምንት ዓመት የተኳረፉ አይመስሉትም። የማሞቂያ ዘይት ስንት እንደገባ፣ ጣራው በየት በኩል እንደሚያፈስ፣ ከሰፈሩ ማን እንደሞተ፣ የማን ልጅ ለሥራ አልበርታ ሄዶ እንደቀረ። ሎሬታ ስለ ኮሊን ጠየቀች። ታች ያለችው እህት ወደ ላይ መውጣት አልቻለችም፣ ላይ ያለችውም ብትወርድ መንገዱን መሻገር አትችልም፤ እንግዳ መቀበያ ክፍላቸው ይቺ የደረጃ ጥግ ሆነች። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሎሬታን ውጭ ሲያያት ቆም እያለ፣ የኔ ፍቅር ወረድሽ እንዴ ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ እንደምታደርገው ነገር ራሷን ነቅነቅ ታደርጋለች።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከባሕሩ ተነስቶ ኮረብታውን መውጣት ጀመረ። ፊሎሜና ሰዓቷን ማየት አልፈለገችም፤ ሎሬታ ናት ያየችላት። መርከብሽ ሊሄድ ነው አለቻት። ፊሎሜና መጀመሪያ አንቺ ግቢ አለች። ሎሬታ እምቢ አለች፤ እየታየች እንደማትወጣ፣ ወደ ላይ መውጣቱ ከመውረዱ የባሰ አስቀያሚ እንደሆነ፣ ዊኒ በኋላ እንደምታግዛት ተናገረች። አንቺ ዝም ብለሽ ዞር በይና ሂጂ አለች።

«እኔን ዛሬ አይተሽኛል፣» አለቻት ፊሎሜና። «እኔም ልይሽ።»

ሎሬታ ተመልሳ ለመጣችው ለዊኒ ኩባያዋን ሰጠችና መዳፏን ከኋላዋ ካለው ደረጃ ላይ አሳርፋ ራሷን ወደ ላይ ገፋች። ተቀምጦ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ጀርባውን አይሰጥም። ሎሬታ ከደረጃ ወደ ደረጃ ስትነሳ ፊቷ ወደ እህቷ እንደሆነ ነበር፤ እየራቀች፣ ከፍ እያለች፣ ዓይኗን ግን ሳትነቅል። ፊሎሜናም አልነቀለችም። አምስተኛው ላይ ክንዷ ዝሎ ተገታች። ዊኒ ልትጠጋ እግሯን ስታነሳ ፊሎሜና በእጇ አስቆመቻት። የቻለችውን ያህል ትቆይ። ቆየች፣ ትንፋሿን መለሰች፣ ስድስተኛውን ወጣች። ላይ ስትደርስ የብረቱን ዘንግ ይዛ፣ ሁለት ጊዜ ሞክራ፣ በሦስተኛው ሙከራ ተነስታ ቆመች። ፀጉሯ ተበታትኗል፤ ፊቷ እንደ ልጅ ቀልቷል። ሂጂ እንግዲህ አለች በእጇ።

ቁልቁለቱን ወደ ወደቡ የወረደችው የባትሪው መብራት ወደ ቀይ እየተጠጋ ነው። አምብሮዝ እሳት እንደተነሳበት ሰው ከሩቅ እጁን ያውለበልባል፤ የመርከቡን ሠራተኞች ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ እያለ ይዟቸዋል። ከመሸጋገሪያው ሥር ኮሊን ቆማለች፤ ክፍሉን ባዶ አግኝታው መርከቡን ከላይ እስከ ታች አስሳለች። ፊቷ ነጭ ሆኗል። ልትጮህ ነበር፤ አፏን ከፍታ ነበር። የእናቷን ፊት አየች፣ ሻርፑ ላይ የደረቀውን ሞላሰስ አየች፣ አፏን ዘጋች። ጎንበስ ብላ ስኩተሯን ከኋላ ያዘችና ወደ ላይ ገፋቻት።

መርከቡ ገመዱን ሲፈታ ላይኛው ወለል ላይ ነበሩ። ፊሎሜና ስልክሽን ስጪኝ አለች። የእናቷን ቤት ቁጥር ማንም አልነገራትም፤ አምሳ ዓመት ሙሉ አልተለወጠም፤ ጣቷ ብቻውን ያውቀዋል። እየጠራ እያለ ኮረብታውን ፈለገች፤ ጭጋጉ የቤቶቹን ግማሽ ውጧል፤ አረንጓዴውን ከቢጫው መለየት አይቻልም።

«ደረስሽ?» አለች ሎሬታ፣ ሃሎ ሳትል።

«ደርሻለሁ። አሁን እየወጣን ነው።»

«የቱ ጋ ነሽ?»

«ላይ። በስተኋላ በኩል፣ የመርከቡ መከለያ ጋ።»

«እጅሽን አንሺ እስቲ።»

ፊሎሜና እጇን አነሳች። የቤቱ ስልክ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው፤ ገመዱ አጭር ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ ጓሮውንና የጎረቤቱን አጥር እንጂ ባሕሩን አያሳይም። እዚያ ቤት ተወልዳለች፤ ታውቃለች። እጇን ግን አላወረደችም። ኮሊን አጠገቧ ቆማ የእናቷን ክንድ እንዳይደክም ከሥር ደገፈችላት።

«አየሁሽ፣» አለች ሎሬታ።